ጥያቄ አለኝ፦ ስለ ሳፋ ውሃ፣ ስለሚንሳፈፍ ድንጋይና ስለ አያ ጅቦ

በዚህ ወር ከሐዋሳ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሕፃናት ክፍል የሚጠይቁ ናቸው። ልጅ በጨዋታ፣ በተረትና በተፈጥሮ ይማር ሲባል የማይስማማ የለም፤ ጣጣው የሚመጣው ሰኞ ጠዋት ልጆቹ በር ላይ ሲሰለፉ ነው። ስለዚህ መልሶቻችን በዕቃ፣ በልክና በደቂቃ የተጻፉ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

«በመንግሥት ትምህርት ቤት የኦ-ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ክፍል) መምህርት ነኝ። 58 ልጆች አሉኝ፣ ረዳት የለኝም። ሥልጠና ላይ "ማዕዘናት አዘጋጁ፣ በጨዋታ አስተምሩ" ተባልን። አምስት ማዕዘን (የየራሱ ዕቃ ያለው የጨዋታ ቦታ) አዘጋጅቼ ሞከርኩ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ክፍሉ ገበያ ሆነ። የረባ ዕቃም የለኝም። ከየት ልጀምር?» (መምህርት፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

መምህርት፣ ክፍሉ ገበያ የሆነው ልጆቹ ስላስቸገሩ አይደለም፤ ብዙ አዲስ ነገር በአንድ ቀን ስለቀረበላቸው ነው። ልጅ አዲስ ዕቃ ሲያይ መጀመሪያ አይጫወትም፣ ይዞራል። ሁሉንም ነካክቶ ካልጨረሰ አንዱ ጋ አይረጋም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ዓይነት ጨዋታ ብቻ ይክፈቱና እያንዳንዱን ዓይነት በሦስት ቦታ ያባዙት። 58 ልጅ ለስድስት ቡድን ሲከፈል ዘጠኝ አሥር ይደርሳል። ሦስቱ ቡድን ጠጠርና ቆርኪ ይደረድራል፣ ሦስቱ ጭቃ ይሠራል፤ በማግሥቱ ይቀያየራሉ። በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ሲጨምሩ በአራተኛው ሳምንት አምስት ይሞላል። ከዚያ በላይ አያስፈልግዎትም።

የየቡድኑ ቦታ በዓይን የሚታይ ይሁን። ተተርትሮ የተነጠፈ የማዳበሪያ ከረጢት ጥሩ ድንበር ነው፤ «ጠጠሩ ከማዳበሪያው አይወርድም» የሚለው ሕግ ለአምስት ዓመት ልጅ «ሥርዓት ያዙ» ከሚለው በተሻለ ይገባዋል። ጠብን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ዕቃ ስላነሰ ሳይሆን ስለተለያየ ነው። አንድ ቆንጆ መኪናና ሃምሳ ቆርኪ ካለ አሥሩም ልጅ ዓይኑ መኪናው ላይ ነው። መኪናውን ቤት ይተዉትና ለእያንዳንዱ ልጅ ሃያ ሃያ ቆርኪ ያድርሱ። የቆርኪው ጠርዝ ስለታም ከሆነ በድንጋይ ጠፍጠፍ ያድርጉት።

ከ45 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 10ሩ ለተረት፣ 25ቱ ለጨዋታ፣ 10ሩ ለመሰብሰብና «ምን ሠራችሁ?» ለመባባል ይሁን። ጊዜ ካጠረ ከተረቱ ይቀንሱ እንጂ ጨዋታውን አይንኩ። ዕቃ ዕቃ የሚጫወቱ ልጆች እናት ማን እንደሆነች፣ ሕፃኑ ማን እንደሆነ ተከራክረው እስኪስማሙ ብቻ አሥር ደቂቃ ይሄዳል፤ ክርክሩ ራሱ ከትምህርቱ ዋነኛው ክፍል ስለሆነ እንደ ባከነ ጊዜ አይቁጠሩት። መሰብሰቡም ትምህርት ነው፦ ትልቁ ጠጠር በዚህ ጣሳ፣ ትንሹ በዚያ።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ከእንጨት ሥራ ቤት የሚጣል የሞራሌ ቁራጭ ለግንባታ ጨዋታ የሚበልጠው የለም። ርዝመቱን 5፣ 10 እና 20 ሳንቲ ሜትር አድርገው እንዲቆርጡልዎ ይለምኑ፤ ለአንድ ቡድን ከ60 እስከ 80 ቁራጭ ይበቃል። ልኩ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፦ ሁለት አጭር አንድ መካከለኛን፣ ሁለት መካከለኛ አንድ ረጅምን ያክላል፤ ግድግዳው እንዳይዛባ የሚፈልግ ልጅ ይህን በራሱ ይደርስበታል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ይሹት፣ ሚስማር መኖሩን አንድ በአንድ ይፈትሹ። ቺፑድ አይቀበሉ፤ ይሰነጠራል፣ ውሃ ሲነካው ያብጣል።

ጭቃ ሲባል ከግቢ የተዛቀ አፈር በውሃ ማለት አይደለም፤ እሱ ሲደርቅ ይፈርሳል፣ ልጁም ተስፋ ይቆርጣል። የሸክላ አፈር ወይም የኩይሳ አፈር ያግኙ። አድቅቀው በወንፊት ይንፉት፣ ሌሊቱን በባልዲ ይዘፍዝፉት፣ ጠዋት ላይ ከላይ የጠለለውን ውሃ ያፍሱ፤ ከዚያ ከረጢት ላይ አስጥተው እጅ መያዝ ሲተው ያሹት። መፈተኛው ቀላል ነው፦ እርሳስ በሚያህል ውፍረት አድቦልቡለው ጣትዎ ላይ ይጠምጥሙት። ከተሰነጣጠቀ ደርቋል ወይም አሸዋ በዝቶበታል፤ ጣትዎ ላይ ከቀረ ውሃው በዝቷል። ለአንድ ልጅ አንድ ጭብጥ፣ 200 ግራም ገደማ፣ ይበቃል፤ ለሠላሳ ልጅ ስድስት ኪሎ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ፌስታል ውስጥ ካሰሩት ሳምንት ይቆያል። ልጆቹ የሠሩትን ላም ፀሐይ ላይ ቢያስቀምጡት ሆዷ ይሰነጠቃል፤ ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ስለሚደርቅና ስለሚኮማተር ነው። ጥላ ይሻላል፤ ውፍረቱም ከአውራ ጣት ባይበልጥ።

አሁን ወደ ሳፋው። ሐዋሳ ውስጥ የሚያስተምር ሰው ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ መሣሪያ እግሩ ሥር አለለት። ከተማዋና ሐይቋ የተቀመጡት በጥንት የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ሰፊ ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ነው፤ ለዚህ ነው በየቦዩና በየተቆፈረው ቦታ ያ ቀላሉ፣ ቀዳዳ የበዛበት አመድማ ድንጋይ የሚገኘው። ተረከዝ የሚፈተግበት ዓይነት ነው። አሥር ያህል ይልቀሙ። ለአንድ ቡድን ሁለት ሳፋ፣ በእያንዳንዱ አንድ ጄሪካን የማይሞላ ውሃ፤ ጥልቀቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር አይለፍ። ከሳፋው አጠገብ መሬት ላይ በጠመኔ ሁለት ክብ ይሥሩ፦ አንዱ «ይሰምጣል»፣ ሌላው «ይንሳፈፋል»። ቀላሉን ድንጋይ፣ ተራ ድንጋይ፣ ቅጠል፣ ቁልፍና ቆርኪ ይስጧቸውና ውሃው ውስጥ ከመክተታቸው በፊት እያንዳንዱን በየክቡ ውስጥ እንዲያስቀምጡ ያድርጉ። ድንጋዮቹ ሁሉ «ይሰምጣል» ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ውሃው ውስጥ ይክተቷቸው።

እዚህ ላይ የመምህሩ ሥራ አፉን መያዝ ነው፤ ከባዱም ይኸው ነው። ድንጋዩ ሲንሳፈፍ አንዱ ልጅ በጣቱ ወደ ታች ይጫነዋል፤ ሲለቀው ብቅ ይላል። ሌላው አውጥቶ ሁለቱን ድንጋይ በሁለት እጁ ይመዝናል። ሦስተኛው ጠጋ ብሎ ከቀዳዳዎቹ የሚወጣውን አረፋ ያያል። በዚያች ደቂቃ «ይህ የሆነው ውስጡ አየር ስላለ ነው» ካሉ ጨዋታው አለቀ፤ ልጁ ድንጋዩን ትቶ እርስዎን ማየት ይጀምራል። «ምን አየህ? እስቲ እንደገና ሞክረው» ብቻ ይበሉ። ድንጋዮቹን ውሃ ውስጥ አሳድሯቸው፤ ጥቂቶቹ ውሃ ጠጥተው ጠዋት ላይ ሰምጠው ሊገኙ ይችላሉ፤ ለማክሰኞ ጥያቄ ተገኘ ማለት ነው። ድንጋዩ ትኩስ እያለ በውስጡ ተይዞ የቀረ የጋዝ አረፋ መሆኑን የሚናገሩት በሦስተኛው ቀን፣ ልጆቹ የራሳቸውን ምክንያት ከደረደሩ በኋላ ነው። ቆርኪው እንደ ጀልባ ሲቀመጥ ይንሳፈፋል፣ ሲገለበጥ ይሰምጣል፤ «ሙከራው ተበላሸ» እንዳይሉ፣ ይህ ትርፍ ነው። ቀላሉን ድንጋይ ግን ደረቁን እርስ በርስ እንዲፋትጉት አይፍቀዱ፤ ብናኙ ዓይን ይጎዳል። አስቀድመው አርጥበው ይስጡ።

አምስት ማዕዘን ሲከፈት እርስዎ መቆም ያለብዎት ውሃው ጋ ነው። ሕፃን ልጅ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃም ሊሰጥም ይችላል፤ ክፍሉን ለአፍታ ትተው የሚወጡ ከሆነ ሳፋው ተደፍቶ ነው የሚወጡት። ውሃውም አትክልት ያጠጣል።

«ከ32 ተማሪዎቼ ግማሹ እቤታቸው የሚናገሩት ሲዳምኛ ነው፤ ወላይትኛ የሚናገሩም አሉ። ተረት በአማርኛ ስነግር ግማሹ ክፍል ይቁነጠነጣል። መጨረሻ ላይ "ከተረቱ ምን ተማራችሁ?" ስል የሚመልሱልኝ ሁልጊዜ እነዚያው አራት ልጆች ናቸው።» (የመዋዕለ ሕፃናት መምህር፣ መሀል ከተማ ክፍለ ከተማ)

ሁለት ጉዳይ ነው ያነሱት። ከቀላሉ እንጀምር፦ ያንን የመጨረሻ ጥያቄ ይጣሉት። አራቱ ልጆች የሚመልሱት እርስዎ መስማት የሚፈልጉትን ስላወቁ ነው። የድሮ ተራቾች ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ። ልብ ይበሉ፣ ቁም ነገሩን ንገሩኝ አይሉም፤ ተረት መልሱልኝ ነው የሚሉት። እኛ ግን ተረቱን ወስደን በቦታው ፈተና ተከልንበት።

ተረቱን መመለስ አራት ቀን ይወስዳል። ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ የሚያልቅ፣ ከአራት የማይበልጡ እንስሳት ያሉበትና አንድ የሚደጋገም አዝማች ያለው ተረት ይምረጡ፤ ካጡ ይፍጠሩ። ለምሳሌ ኤሊ ውሃ ጠምቷት ወደ ሐይቅ ስትጓዝ ጦጣን፣ ትልቁን ወፍ አባ ኮዳንና ጉማሬን በየተራ ትጠይቃለች፤ ሁሉም «ሂጂ ሂጂ፣ ገና ነሽ!» ይሏታል። አጥንቱ ይኸው ነው፤ ሥጋውን እርስዎ ያልብሱት።

የመጀመሪያው ቀን «ተረት ተረት» ብለው፣ «የላም በረት» አስብለው ተረቱን ብቻ ይንገሩ። ሦስት ዕቃ መሶብ ወይም ቅርጫት ውስጥ ደብቀው በየቦታው ብቅ ያድርጉ፦ የኤሊዋ ድንጋይ፣ የአባ ኮዳ ላባ (የጨርቅ ወይም የወረቀት ይሁን፣ መሬት የወደቀ የወፍ ላባ ንጹሕ አይደለም)፣ የሐይቁ ሰማያዊ ሻሽ። በሁለተኛው ቀን አዝማቹ ላይ ሲደርሱ ዝም ይበሉ፤ ልጆቹ ይሞሉታል። አውቀው ይሳሳቱ፦ «ጉማሬው ዛፉ ላይ ተቀምጦ…» ሲሉ ክፍሉ ይነሳብዎታል፤ ከዚያ አራት ልጅ ሳይሆን ሠላሳ ልጅ ያርምዎታል። ሦስተኛው ቀን ትወና ነው። ብዙ መምህራን የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው፤ አራት ልጅ ይመርጡና ሃያ ስምንቱን ተመልካች ያደርጋሉ። ስምንት ኤሊ ቢኖር ተረቱ አይበላሽም። የተረፉት ሐይቁን ይሁኑ፤ ሁለት ነጠላ ዳርና ዳር ይዘው ያወዛውዙ። በአራተኛው ቀን ዕቃዎቹን ዕቃ ዕቃ የሚጫወቱበት ቦታ አስቀምጠው ዞር ይበሉ። በዚያው ቀን አምስት ልጅ በየተራ አስጠግተው የየራሳቸውን ተረት ያስነግሯቸውና እንደተናገሩት ይጻፉላቸው። «ጦጣው ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ ወደቀ» ካለ ሦስቱም «ሄደ» ይጻፍ። በቀን አምስት ከሆነ በሰባት የትምህርት ቀን ሁሉም ይዳረሳል።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አያስተርጉሙ። ልጁ የራሱ ተራ እስኪደርስ ይጠብቅና ሌላውን ጆሮው አይሰማውም። አንድ ቀን ተረቱን ሙሉውን በአማርኛ፣ ሌላ ቀን ያንኑ ተረት ሙሉውን በሲዳምኛ ማስነገር ይሻላል፤ እርስዎ ካልቻሉ ከልጆቹ የአንዱን አያት በሁለት ሳምንት አንዴ ይጋብዙ። በአማርኛው ቀን ተረቱን የሚሸከሙ ስድስት ወይም ስምንት ቃላት ይምረጡ (ውሃ፣ ዛፍ፣ ኤሊ፣ ጠማኝ…) እና ከመጀመርዎ በፊት «ይህን እናንተ ቤት ምን ትሉታላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የሲዳምኛም የወላይትኛም ተናጋሪው ልጅ ለዚያች ደቂቃ መምህር ይሆናል፤ መቁነጥነጡ የሚቀንሰው ከዚያ በኋላ ነው። ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ደግሞ በየትኛው ቋንቋ እንደሚነጋገሩ ጨርሶ አይግቡባቸው።

«በወር ብዙ ብር እየከፈልኩ ልጄን ኬጂ አስገባሁ። አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይመጣል፤ ደብተሩ ባዶ ነው። የጎረቤቴ ልጅ እስከ መቶ ይጽፋል፣ ሀ ሁን ይወርደዋል። ገንዘቤን እየበሉኝ ነው?» (አባት፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ በደብተር ግን አይታወቅም። ሁለት ፈተና እንስጥዎት። አንድ ሳህን ሙሉ ጠጠር ለሁለቱም ልጆች ያቅርቡና «ሰባት ስጠኝ» ይበሏቸው። እስከ መቶ የጻፈው ልጅ እፍኝ ዘግኖ ከሰጠዎት የጻፈው ቁጥር አይደለም፣ ሥዕል ነው። የእርስዎ ልጅ አንድ በአንድ እየነካ ሰባት ላይ ከቆመ ቁጥር ገብቶታል። ሁለተኛው ፈተና፦ «ሀ ሁ ሂ» ብሎ የሚወርደውን ልጅ ከመካከል «ሌ»ን ለይቶ እንዲያሳይ ይጠይቁት። ከ«ለ» ተነስቶ በዜማ ካልደረሰበት በቀር ካላገኘው የያዘው ዜማውን ነው። ይህ ችግር አዲስ አይደለም፤ የቄስ ትምህርት ቤት መድኃኒት ነበረው። ከ«ሀ ሁ» ቀጥሎ የሚመጣው አቡጊዳ ፊደሉን በሌላ ቅደም ተከተል፣ ድምፁን ከፊደል ፊደል እያቀያየረ፣ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ብሎ ያስነብባል። በቃሉ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይጋለጣል።

33ቱ ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲባዙ 231 ናቸው። በዚህ ዕድሜ በስሙ ውስጥ ካሉት ቢጀምር ይበቃዋል፤ ከዚያ በእናቱ ስም፣ በታክሲ ላይ በተጻፈው፣ በሱቅ በራፍ ላይ ባለው። «የስምህን ፊደል ፈልግ» እያሉ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት መሄድ ከአንድ ገጽ ግልባጭ ይበልጣል።

ጭቃውም ዋጋ አለው። እርሳስን በሦስት ጣት ለመያዝ የጣት ጡንቻ መጠንከር አለበት፤ ጭቃ መጭመቅ፣ በቆሎ መፈልፈል፣ የልብስ መቆንጠጫ መክፈትና መዝጋት ያጠነክሩታል። ሳይጠነክር የተገደደ ልጅ እርሳሱን በጡጫ ይይዛል፣ ወረቀቱን ይበሳል፤ የለመደውን አያያዝ በኋላ ማስተው ደግሞ ከባድ ነው። እቤትም የሚሠራ አለ። የእንቁላል ካርቶን ቆርጠው ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ አራት ጉድጓድ ያስቀሩና በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ጠጠር፣ በድምሩ 24፣ አድርገው ገበጣ ይጫወቱ። አንድ በአንድ እየዘሩ መሄድ መቁጠርን ያለ ደብተር ያስተምራል። ሲጫወቱ አውቀው አይሸነፉ፤ ያውቅብዎታል።

ትምህርት ቤቱን ግን ይጠይቁ፦ «በዚህ ሳምንት በጭቃው ምን ሠሩ? ልጄ ምን አለ?» መምህርቷ የልጅዎን ንግግር ጠቅሳ ከመለሰች ደህና ነው። «እየተጫወቱ ነው» ብቻ ካለች ያኔ ይከፋዎት።

«ኬጂ ከፍቻለሁ፤ ግቢው ጠባብና ሙሉ በሙሉ ሲሚንቶ ነው። ተፈጥሮን ከየት ላምጣ? ልጆቹን ወደ ሐይቁ መውሰድስ ያዋጣል?» (ባለቤት፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ)

ኬጂ የምንለው ቃል ጀርመንኛ ነው፤ ፍሬድሪክ ፍሮበል በ1840 እ.ኤ.አ. ስሙን ሲያወጣ «የሕፃናት የአትክልት ስፍራ» ማለቱ ነበር። ያለ አትክልት የተከፈተው የእርስዎ ብቻ ስላልሆነ አይፈሩ።

በፌጦ ይጀምሩ። በሰፊ ሳህን ላይ እርጥብ ሶፍት አንጥፈው ፌጦውን ሳሳ አድርገው ይበትኑ። ፍሬው ውሃ ሲነካው ይሙለጨለጫል፤ እዚያ ላይ ልጆቹ እንዳይነካኩት ነው እንጂ በሁለት ሦስት ቀን ያቆጠቁጣል። ለአራት ዓመት ልጅ ትዕግሥት ልክ ነው። ቀጥሎ ቦሎቄ፦ ሌሊቱን ዘፍዝፈው፣ በተቆረጠ ሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ በጥጥና በላስቲኩ ግድግዳ መካከል ይሰኩት፤ ሥሩ በሁለት እስከ አራት ቀን፣ ቅጠሉ በሳምንት ገደማ ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ውሃ ሲበዛ ነው፤ ሁሉም ልጅ ማጠጣት ስለሚፈልግ ቦሎቄው ሰምጦ ይሸታል። ጥጡ እርጥብ ይሁን እንጂ ከሥሩ ውሃ አይቁም፤ ማጠጫውም የጠርሙስ ክዳን ይሁን። አጠገቡ በሌላ ላስቲክ ክክ ይትከሉ። ክኩ አይበቅልም። ለምን እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ መልሱ ያስቅዎታል።

አሮጌ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በጎኑ ቀደው፣ ከታች አራት ቀዳዳ በስተው፣ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቢሞሉት ጎመንና ቆስጣ ይይዛል። ለወፎች ውሃ ካስቀመጡ በየሁለት ቀኑ ይድፉት፤ ሐዋሳ ነው፣ ወባ አለ።

ወደ ሐይቁ መሄድ ያዋጣል፤ ግን በሃያ ልጅ እንጂ በስልሳ አይደለም። ለአምስት ልጅ አንድ አዋቂ፤ ልጆቹ በየእርምጃው የተቋጠረ ገመድ ይያዙ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ቋጠሮ። ከጠዋቱ 2:30 እስከ 4:00 ጥሩ ሰዓት ነው። ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ዓሣ የሚገባበትን ሰዓት ካገኙት ቆሮሶና አምባዛ ጎን ለጎን ይታያል፤ አንዱ ቅርፊት አለው፣ ሌላው ሙልጭ ያለ ባለ ጢም። አባ ኮዳዎቹ ፍርፋሪ ሲጠብቁ ከብዙዎቹ ልጆች ይረዝማሉ፤ ራቅ ብሎ መቆም እንጂ ማባረር አይፈቀድም። ጦጣዎቹ ምግብ ስለሚነጥቁ ምሳ ዕቃ ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ዓሣ አጥንት የተበተነበት ቦታ ላይ ነጠላ ጫማ አይሆንም። ውሃው ውስጥ እግር መንከር ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፤ በሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ስላሉ ነው፤ ጉማሬውን ሳንጨምር።

ልጆቹን «ተመልከቱ» ብቻ ብለው አይልቀቋቸው። «ከዛፍ የወደቀ ሦስት ነገር አምጡ» ዓይነት አንድ ሥራ ይስጧቸው፤ የወደቀ እንጂ የተቀነጠሰ አይደለም። ከዋርካው ሥር ቅጠል፣ ፍሬና ቅርፊት ይዘው ይመለሳሉ። በማግሥቱ ዕቃ ዕቃው ዓሣ ገበያ ይሆናል፦ አንዱ መረብ ይጎትታል፣ አንዷ ትቆጥራለች፣ አንዱ «ስንት ነው?» ብሎ ይከራከራል። ለዚህ ከካርቶን የተቆረጠ ዓሣና ጥቂት የወረቀት ብር ይበቃል።

«ለመቁጠሪያ ከግቢያችን የጉሎ ፍሬ ለቅመን አሰጥተናል፤ በጣም ያምራል። አንዲት ወላጅ ተቃወመች። ደግሞም ባለፈው አንድ ልጅ ባቄላ አፍንጫው ውስጥ ከትቶ ነበር። ዘር ጨርሶ እንተው?» (ረዳት መምህርት፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ)

ወላጅዋ ልክ ናት፤ ዛሬውኑ ያስወግዱት። የጉሎ ፍሬ ሲታኘክ መርዛማ ነው። የበላ ልጅ ካለ ምንም ባይታይበትም ምልክት ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ግቢው ውስጥ አስተናግር፣ ቅንጭብ፣ ቁልቋልና የወፍ ቆሎ ካሉም ያስነቅሉ ወይም ያሳጥሩ። የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ዓይን ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠቡ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ዘር ግን አይተዉ። ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ በሽንት ቤት ወረቀት ካርቶን ቀዳዳ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር አይሰጥም። ከዚያ በላይ ላሉት ቆጥረው ሰጥተው ቆጥረው ይረከቡ፤ ሃያ ሰጥተው አሥራ ዘጠኝ ከተመለሰ ፍለጋው ይጀመራል።

ባቄላ አፍንጫ ውስጥ ከገባ በጣት ወይም በፀጉር መቆንጠጫ አይጎርጉሩ፣ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ልጁ የሚታዘዝ ከሆነ በአፉ አየር ስቦ፣ ደህናውን ቀዳዳ ተጭነውለት አንዴ በቀስታ ይናፈጥ። ካልወጣ ጤና ጣቢያ። ጆሮ ከሆነ ውሃ አይጨምሩ፤ ባቄላው ያብጣል።

«በዱቄት ሊጥ ሠርተን ልጆቹ ሲጫወቱበት አንዲት እናት "በእህል አይቀለድም" ብላ ተቆጣች። ምን እንመልስላት?» (መምህርት፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ)

ይቅርታ ይጠይቋት። ዱቄት እየተሰፈረ ከሚወጣበት ቤት የመጣ ልጅ ክፍል ውስጥ ዱቄት ሲደፋ የሚማረው እርስዎ ያሰቡትን አይደለም። ከላይ የተጻፈው ጭቃ የሊጡን ሥራ ሁሉ ይሠራል። ለመጻፊያም በቆሎ ዱቄት ሳይሆን ትሪ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚሆን የታጠበ አሸዋ ያድርጉ፤ ጥቂት ውሃ ካርከፈከፉበት አይቦንንም፣ መስመሩም አይፈርስም። የሙዝ ቅጠል ካገኙ ደግሞ ጫፉ በደነዘዘ እንጨት ይጻፉበት፤ ጭረቱ ሲጻፍ ብዙም አይታይም፣ ጥቂት ቆይቶ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ልጆቹ ስማቸው ብቅ እስኪል ቅጠሉን ሲያፈጡበት ይገኛሉ።

«የአራት ዓመት ልጄ መምህርቷ የአያ ጅቦን ተረት ከነገረቻቸው ወዲህ ሌሊት ይባንናል። ተረቱ ይቅር ልበላት?» (እናት፣ ባሕል አዳራሽ ክፍለ ከተማ)

ተረቱ አይቅር፤ እኩሌታው ላይ መቆሙ ይቅር። ጅቡ ልጆቹን ሲያሳድድ ደወል ተደውሎ «ነገ እንቀጥላለን» ከተባለ ጅቡ አብሮት ወደ ቤት መጣ ማለት ነው። መምህርቷ በዚያው ቀን ጅቡ እስኪታለልና እስኪሸሽ ድረስ ትጨርሰው። እቤትም «እምቢ ካልክ ለጅብ እሰጥሃለሁ» የሚል ሰው ካለ ይተው፤ የአራት ዓመት ልጅ ተረቱንና ዛቻውን አይለያይም፣ በተለይ ሌሊት ከሩቅ እውነተኛው ጅብ ሲጮህ ከሰማ። በተረፈ ሲተውኑ ጅቡን እሱ እንዲሆን መምህርቷን ይጠይቋት፤ ጆሮውን ከካርቶን ሠርቶ፣ ሌሎቹን እያባረረ፣ በመጨረሻም ራሱ ተታልሎ ይሩጥ። አንዴ አይበቃውም፤ ሦስት አራት ቀን ጅብ ልሁን ማለቱ አይቀርም፣ ይፍቀዱለት።